እሳቱ ከፍል ውሃው ሥር የለም

በአዲስ አበባ ላፍቶ ላይ ቆሞ ወደ ደቡብ ምዕራብ የተመለከተ ሰው ከፊቱ የሚያገኘው የፉሪን ተራራ ነው። ፉሪ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የሞተ እሳተ ገሞራ ነው፤ እንደ ወጨጫና እንደ የረር ሁሉ እሳት የተፋው ዛሬ በሚሊዮን ዓመታት በምንቆጥረው ዘመን ነበር። ከለቡና ከጀሞ እስከ ጎፋ ያለው ሰፈር የተሠራው በእንዲህ ያሉ ገሞራዎች ትፋት ላይ ነው። ከላፍቶ ወደ ሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ሲኬድ ደግሞ መሐል ከተማው ላይ ፍል ውሃ ይፈልቃል። ሁለቱን አያይዞ “ገሞራው አልሞተም፤ እሳቱ ከፍል ውሃው ሥር አለ” ማለት ለማንም ይቀላል። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የፈጀው ምርምር ግን ይህችን ቀላል ሐሳብ በየደረጃው ሲያፈርስ ነው የኖረው። ለማፍረስ ከረዱት መሣሪያዎች መካከል ደግሞ ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጡ ትንንሽ ነገሮች ትልቅ ድርሻ አላቸው፦ የብረት ቱቦ፣ የአሸዋ ሳጥን፣ ሁለት መስታወት፣ ዝልግልግ ሲሊኮን።

የዚህ ታሪክ ቁርጥራጮች በየቦታው ይወራሉ። አንዱ ስለ ፍል ውሃ ያወራል፣ ሌላው ስለ አሉቶ ተራራ የእንፋሎት ጉድጓዶች፣ ሌላው አዲስ አበባ ድረስ ስላነቃነቀን የፈንታሌ ገሞራ። እዚህ ላይ በዘመን ቅደም ተከተላቸው አንድ ላይ አመጣቸዋለሁ። ዓመታቱ “ዓ.ም.” ካልተባሉ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከ1810 እስከ 1863፦ ዋሻውን ያስቀረው ቱቦ

በ1810 ስኮትላንዳዊው ጆርጅ ማኬንዚ አይስላንድ ሄዶ ታላቁ ጋይዘር የተባለውን ምንጭ ተመለከተ። ምንጩ ጸጥ ብሎ ይቆይና በድንገት የፈላ ውሃ ወደ ሰማይ ይወረውራል። ማኬንዚ ያቀረበው ማብራሪያ ከመሬት በታች ዋሻ አለ የሚል ነበር፤ ዋሻው እንፋሎት ያከማቻል፣ እንፋሎቱ ሲበዛ ውሃውን ገፍቶ ያስወጣዋል። ዋሻውን ያየው ሰው የለም። ሆኖም ነገሩን የሚያስረዳ ስለመሰለ ማብራሪያው ለዓመታት ቆየ።

በ1846 ጀርመናዊው ኬሚስት ሮበርት ቡንሰን ወደዚያው አገር ተጓዘ። ሄክላ የተባለው ገሞራ በፈነዳ በዓመቱ መሆኑ ነው። ቡንሰን ከመገመት ይልቅ ቴርሞሜትር በገመድ አስሮ ወደ ምንጩ ጉሮሮ ሰደደ። ከታች ያለው ውሃ ከ100 ዲግሪ በላይ ሞቆ ሳለ አይፈላም ነበር። ምክንያቱ ከላዩ የተጫነው የውሃ ክብደት ነው፤ ጫናው ሲበዛ ውሃ ለመፍላት የሚፈልገው ሙቀትም ይጨምራል። አዲስ አበባ ላይ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው በዚሁ ሕግ ነው፤ ከፍታው ላይ የአየሩ ጫና አነስተኛ ስለሆነ። ቡንሰን ከጉሮሮው ወገብ አካባቢ አንድ ቦታ ላይ ግን ለመፍላት ሁለት ዲግሪ ያህል ብቻ የጎደለው ውሃ አገኘ። ይህ ውሃ ጥቂት ወደ ላይ ቢገፋ ጫናው ይቀልለትና ይፈላል፤ እንፋሎቱ ከላዩ ያለውን ውሃ ያፈሳል፤ በዚህም ለታችኛው ጫናው ይቀልለትና እሱም ተከትሎ ይፈላል። አንገተ ጠባብ ጀበና ሲገነፍል እንዴት እንደሚተፋ ያየ ሰው ነገሩ አይከብደውም። ዋሻ አላስፈለገም።

ይህን ሕዝብ ፊት ያሳየው አየርላንዳዊው ጆን ቲንዳል ነው። በ1863 በታተመው የሙቀት ትምህርቱ እንደተገለጸው፣ በለንደን ሮያል ኢንስቲትዩሽን ስድስት ጫማ ርዝመት ያለው የብረት ቱቦ አቁሞ አናቱ ላይ ገንዳ ገጠመለት፤ ከሥሩ እሳት አነደደ። ቀጥሎ ያደረገው ነገር ነው ቱቦውን ከመጫወቻነት ወደ ሞዴልነት ያሸጋገረው፦ ከታች ሁለት ጫማ ከፍ ብሎ በቱቦው ዙሪያ ሁለተኛ እሳት አደረገ። ቡንሰን ለመፍላት የተቃረበውን ውሃ ያገኘው ከጉሮሮው ግርጌ ከፍ ባለ ቦታ ስለነበር፣ ቲንዳል ይህንኑ በልኩ አሳንሶ ማስገባቱ ነው። ቱቦው በየአምስት ደቂቃው ገደማ እየገነፈለ ውሃውን ወደ ላይ ይተፋ ጀመር።

ዋሻ የሌለው ቱቦ ዋሻ እንዳለው ምንጭ ከሠራ፣ ዋሻው ለማብራሪያው አስፈላጊ አልነበረም ማለት ነው። የትንሽ ሞዴል ትልቁ ጉልበት እዚህ ላይ ይመስለኛል። እውነቱን በቀጥታ አያሳይም፤ ያለ ምክንያት ያመንበትን ነገር ግን ያስጥለናል።

በዚያው ክፍለ ዘመን ሁለት ሌሎች ሙከራዎች ኋላ ከዚህ ጋር የሚገናኝ መንገድ ጀምረዋል። በ1815 ጄምስ ሆል የታጠፉ የባሕር ዳር ገደሎችን አይቶ፣ የተደራረበ ጨርቅ ከላይ ክብደት ጭኖ ከጎንና ከጎን በመግፋት ተመሳሳይ እጥፋት ማውጣቱን ጻፈ። በ1856 ደግሞ ፈረንሳዊው መሐንዲስ ሄንሪ ዳርሲ ለዲዦን ከተማ የመጠጥ ውሃ ሲደክም፣ በአሸዋ በተሞላ ዓምድ ውስጥ ውሃ እያሳለፈ ፍጥነቱን የሚወስነውን ሕግ አወጣ። ዛሬ በአቃቂ የጉድጓድ ውሃ ላይ የሚሠሩ መሐንዲሶችም በአሉቶ እንፋሎት ላይ የሚሠሩ ባለሙያዎችም በዚያ የአሸዋ ዓምድ ሕግ ይጠቀማሉ።

1879 ዓ.ም.፦ ፍል ውሃ ከተማ ሲያስቆረቁር

ቲንዳል ቱቦውን ካሳየ ከሁለት አሥርት ዓመታት በኋላ፣ እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍል ውሃው አጠገብ ቤት አሠሩ። ቤተ መንግሥቱ ተከተላቸው፣ መኳንንቱም ሠራዊቱም በየኮረብታው ሰፈሩ፣ አዲስ አበባ ተቆረቆረች። ብዙ ዋና ከተሞች ወንዝን ወይም ወደብን ተከትለው ሲመሠረቱ የእኛዋ የከርሰ ምድር ሙቀትን ተከትላ መመሥረቷ ብዙ ጊዜ በቸልታ የሚታለፍ ነገር ነው። ሰው ወደ ፍል ውሃ የሚወርደው ሊታጠብና ከቁርጥማት ሊፈወስ ነበር፤ የፍል ውሃ መታጠቢያ ቤትም ይህን አገልግሎት ለረጅም ዘመን ሰጥቷል። በ1969 የተከፈተው ሒልተን ሆቴልም የመዋኛ ገንዳውን የሚሞላው ከዚሁ ሙቅ ውሃ ነው።

ውሃው የዝናብ ውሃ ነው። በስንጥቆች ወደ ጥልቅ ይሰርጋል፣ እዚያ ይሞቃል፣ የፍል ውሃ ስንጥቅ በሚባለው ረጅም የመሬት መሰንጠቂያ በኩል ተመልሶ ይወጣል። የሚሞቅበትና የሚወጣበት ቦታ አንድ መሆን የለበትም። ይህን ለማወቅ ግን በሺህ ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ውሃ እንዴት እንደሚዘዋወር በሆነ መንገድ ማየት ያስፈልግ ነበር።

ከ1937 እስከ 1967፦ የማሳነስ ሕግና ሁለት መስታወቶች

በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የምድር ሙቀት ኃይል ሆነ። ጣሊያን ውስጥ በላርደሬሎ ፒዬሮ ጂኖሪ ኮንቲ በ1904 በምድር እንፋሎት አምስት አምፖል አበራ፤ በ1913 እዚያው የኤሌክትሪክ ማመንጫ ተሠራ። ኢንዱስትሪው ከእውቀቱ ቀድሞ ሄደ ማለት ይቻላል። ጉድጓድ የሚቆፈረው እንፋሎት በሚታይበት ቦታ ነበር፤ ከዚያ ውጭ የት እንደሚቆፈር የሚናገር ንድፈ ሐሳብ ገና አልጎለበተም።

የምድርን ሥራ በጠረጴዛ ላይ ለመድገም የሚደረገው ሙከራም የራሱ ችግር ነበረበት። ሆል ጨርቅ ተጠቀመ፣ ሌሎች ሸክላና ሰም ተጠቀሙ፤ ትንሹ ነገር ትልቁን በምን ያህል ልክ እንደሚወክል ግን በውል አይታወቅም ነበር። በ1937 አሜሪካዊው ኪንግ ኸበርት የማሳነስን ሕግ ጻፈ። ርዝመትን ብቻ ማሳነስ አይበቃም አለ፤ ጥንካሬም፣ ዝልግልግነትም፣ ጊዜም አብረው በልካቸው መውረድ አለባቸው። አንድ ሴንቲ ሜትር አሥር ኪሎ ሜትርን እንዲወክል ከተፈለገ፣ የሞዴሉ ጥንካሬ ከእውነተኛው አለት አንድ ሚሊዮንኛ ያህል መሆን ይኖርበታል። ድንጋይን በድንጋይ መወከል ስህተት የሚሆነው ለዚህ ነው፤ ትንሿ ድንጋይ ለመጠኗ እጅግ ጠንካራ ናት። ደረቅ አሸዋ ግን ልኩ ነው። በእጅ የሚፈርሰው አሸዋ ተራራን፣ ቀስ ብሎ የሚፈሰው ሲሊኮን ደግሞ ከሥሩ ያለውን የጋለና የለሰለሰ አለት በትክክል ሊወክሉ ይችላሉ፤ ሚሊዮን ዓመታትም በሰዓታት ይተካሉ። ከኸበርት በፊት ሞዴል ምስል ነበር፤ ከእሱ በኋላ ስሌት ያለው ሙከራ ሆነ።

ለሙቅ ውሃው ግን አሸዋ አንድ ጉድለት ነበረበት፤ ውስጡ አይታይም። መፍትሔው የመጣው ከሌላ ሙያ ነው። በ1898 እንግሊዛዊው መሐንዲስ ሄንሪ ሄል-ሾው የፈሳሽን መንገድ ለማሳየት ሁለት መስታወት አቀራርቦ በመካከላቸው ባለው ጠባብ ክፍተት ፈሳሽ አሳለፈ። ኋላ እንደታየው፣ በዚህ ክፍተት ውስጥ የሚሄድ ፈሳሽ የሚገዛው ዳርሲ ለአሸዋ ያወጣው ዓይነት ሕግ ነው። ሁለቱ መስታወቶች ውስጡ የሚታይ አሸዋ ሆኑ ማለት ነው።

በ1940ዎቹ ሆርተንና ሮጀርስ፣ ቀጥሎም ላፕውድ፣ ከሥር የሚሞቅ ውሃ ያዘለ አለት ውስጥ ውሃው መዘዋወር የሚጀምረው ሙቀቱና የአለቱ አሳላፊነት ከተወሰነ ልክ ሲያልፉ መሆኑን በስሌት አሳዩ። ከዚያ ልክ በታች ሙቀቱ በአለቱ በኩል ብቻ ቀስ እያለ ይወጣል፤ ከዚያ ሲያልፍ ሙቁ ውሃ ራሱ ይነሣል፣ ቀዝቃዛው ይወርዳል። ይህን በኒው ዚላንድ የሙቅ ውሃ መስኮች ላይ የሠራው ጆን ኤልደር በ1960ዎቹ በሙከራ ተከታተለው። የመስታወቱን ግርጌ ከፊሉን ብቻ አሞቀና ጠበቀ።

የታየው ነገር ለቆፋሪ ሁሉ ትምህርት የሚሆን ነው። ሙቁ ውሃ በመላው ስፋት ተመሳስሎ አይነሣም፤ ተሰብስቦ በጠባብ ዓምድ ይወጣል። ቀዝቃዛው በሰፊው ዙሪያ በዝግታ ይወርዳል። ዓምዱ ወደ ላይኛው ጠርዝ ሲደርስ ደግሞ ወደ ጎን ይዘረጋል፤ ከተዘረጋው ሙቅ ውሃ ሥር ያለው ውሃ ቀዝቃዛ ነው። አንድ ሰው ከዳር ሆኖ ቢቆፍር መጀመሪያ ሙቀት ያገኛል፣ ወደ ታች ሲቀጥል ሙቀቱ ይቀንስበታል። ከዓምዱ ላይ የቆፈረ ብቻ ነው ወደ ታች በሄደ ቁጥር የሚሞቅለት። በመስታወት ላይ ቁልጭ ብሎ የታየው ይህ ነገር ከሃያ ዓመት በኋላ በኢትዮጵያ መሬት ላይ በሺህ ሜትር ጥልቀት ተደገመ።

ከ1957 እስከ 1973፦ ካርታው ሲዘጋጅ

በ1957 ካናዳዊው ኢየሱሳዊ አባ ፒየር ጉዌን በአዲስ አበባ የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ አቋቋሙ። የምድር መንቀጥቀጥን በአገር ውስጥ በተከታታይ መመዝገብ በዚያ ተጀመረ። በዚያው ተቋም የሠራው ፖል ሞር በ1962 የኢትዮጵያን ጂኦሎጂ መጽሐፍ አሳተመ፤ በስምጥ ሸለቆው ወለል መሐል ለመሐል የሚሄዱትን ወጣት ስንጥቆችም የወንጂ የስንጥቅ ቀበቶ ብሎ ሰየማቸው። ይህ ቀበቶ በኋላ የምንፈልገው ነገር ሁሉ የተቀመጠበት መስመር ሆኖ ተገኘ። ፈንታሌ፣ ቱሉ ሞዬ፣ አሉቶና ኮርቤቲ ሁሉም የዚሁ መስመር ልጆች ናቸው።

በ1969 የኢትዮጵያ መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም ጋር ሆኖ የምድር እንፋሎት ሀብትን ማጥናት ጀመረ። ስምጥ ሸለቆውና አፋር ተፈተሹ፤ ፍል ውሃዎች ተመዘኑ፣ ውሃቸው ተመረመረ። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ተስፋ የተጣለባቸው ቦታዎች ተለዩ። ከእነሱ መካከል በዝዋይና በላንጋኖ ሐይቆች መካከል የተቀመጠው የአሉቶ ተራራ ነበር። ላንጋኖ ዳር ፍል ውሃ አለ፤ አሉቶ ላይ ደግሞ እንፋሎት ይጨሳል። ጥያቄው የት ይቆፈር የሚለው ሆነ።

ከ1981 እስከ 1986፦ ስምንቱ የአሉቶ ጉድጓዶች

አሉቶ ላይ በእነዚህ ዓመታት ስምንት ጥልቅ ጉድጓዶች ተቆፈሩ፤ ጥልቁ ወደ 2,500 ሜትር ደረሰ። ለዚያ ዘመን ኢትዮጵያ ይህ ቀላል ድፍረት አልነበረም። አገሪቱ በጦርነትና በረሃብ ውስጥ ነበረች፤ ኬንያ ኦልካሪያ ላይ ገና ጀማሪ ነበረች።

የመጀመሪያዎቹ ሁለት ጉድጓዶች የተቆፈሩት ከተራራው አናት ወጣ ብለው በጎኖቹ ላይ ነው። የሚፈለገው ሙቀት አልተገኘባቸውም። ፍል ውሃው ወደሚፈልቅበት አቅጣጫ መጠጋት ወደ እሳቱ መጠጋት አልሆነም። ሦስተኛው ጉድጓድ ተራራው አናት ላይ፣ የወንጂ ስንጥቅ በሚያልፍበት ተቆፈረ፤ ከ300 ዲግሪ በላይ ሙቀት ተገኘ። ስድስተኛውም እዚያው አቅራቢያ ተቆፍሮ እንዲሁ ሆነ። ከእነዚህ ሁለቱ ራቅ ብለው በተቆፈሩት በአንዳንዶቹ ደግሞ ሙቀቱ እስከ አንድ ጥልቀት ከጨመረ በኋላ ወደ ታች ሲቀጥል ቀነሰ።

የኤልደርን መስታወት ያስታወሰ ሰው ይህን ሲያይ አይደነቅም። ሦስተኛውና ስድስተኛው ጉድጓድ ጠባቡን የሙቅ ውሃ ዓምድ አገኙት። ሌሎቹ ወደ ጎን የተዘረጋውን ሙቅ ውሃ በስተው ከሥሩ ወዳለው ቀዝቃዛ ወረዱ። በላንጋኖ ዳር የሚፈልቀው ፍል ውሃም የዚሁ ዝርጋታ ጫፍ እንጂ የእሳቱ አናት አይደለም። ለዚህ ዓምድ ውሃ የሚያቀብለው በአብዛኛው በምሥራቁ ደጋ፣ በአሰላ በኩል የሚወርደው ዝናብ መሆኑን የውሃው ኬሚስትሪ አመልክቷል። ደጋ ላይ የዘነበው ውሃ በስንጥቅ ገብቶ፣ ከገሞራው ሥር ሞቆ፣ በሌላ ስንጥቅ ተነሥቶ፣ ሐይቅ ዳር ይወጣል። ጉድጓዶቹ ውስጥ የወጣውን አለት በመመርመር የውሃና የአለቱን መስተጋብር ካጠኑት መካከል በኋላ በጂኦሎጂካል ሰርቬይ ዋና ባለሙያ የሆኑት መሠረት ተክለማርያም ይገኙበታል።

ከስምንቱ ጉድጓዶች ግማሽ ያህሉ ለማምረት በቁ። በ1990ዎቹ መጨረሻ ሰባት ሜጋ ዋት ገደማ የሚያመነጭ የሙከራ ጣቢያ ተተከለላቸው። ጣቢያው ጥቂት ዓመት ሠርቶ ቆመ፣ ኋላ ተጠግኖ በከፊል ተነሣ። ኢትዮጵያ ከምድር እንፋሎት ከ10,000 ሜጋ ዋት በላይ ማመንጨት እንደምትችል ባለሥልጣናቷ በተደጋጋሚ ይናገራሉ፤ ይህን ቁጥር ከአሉቶ ሰባት ሜጋ ዋት አጠገብ ማስቀመጥ የሥራውን ርቀት ያሳያል። ችግሩ የገንዘብ ብቻ አይደለም። አንድ ጥልቅ ጉድጓድ በሚሊዮኖች ዶላር ይቆፈራል፤ ስንጥቁ የት እንዳለ ሳይታወቅ የሚቆፈር ጉድጓድ ደግሞ ያንን ሁሉ ይዞ ይቀራል።

2008፦ ስምጥ ሸለቆው በፍሎረንስ ጠረጴዛ ላይ

ስለዚህ ቀጣዩ ጥያቄ ስንጥቆቹ ራሳቸው ከየት መጡ የሚል ነበር። በስምጥ ሸለቆው ሁለት ዓይነት ስንጥቆች አሉ። በዳርና በዳር ሸለቆውን እንደ ግንብ የሚያጥሩት ትላልቆቹና አሮጌዎቹ አንደኛው ቤተሰብ ናቸው። ወለሉ ላይ ያሉት ትንንሾቹና ወጣቶቹ፣ የወንጂዎቹ፣ ሁለተኛው ናቸው። የሁለቱ አቅጣጫ አይገጥምም፤ ወንጂዎቹ ወደ ሰሜን ይበልጥ ያዘነብላሉ። ብዙ ተመራማሪዎች ከዚህ ተነሥተው ምድሪቱ የምትለጠጥበት አቅጣጫ በሚሊዮን ዓመታት መካከል ተቀይሯል ብለው ነበር።

ጣሊያናዊው ጃኮሞ ኮርቲ ፍሎረንስ ውስጥ ጉዳዩን በሞዴል ፈተሸው። የተጠቀመው መሣሪያ ሞዴሉን በከፍተኛ ፍጥነት የሚያሽከረክር ሴንትሪፊውጅ ነው። መንገዱን የጠረገው ስዊድን ኡፕሳላ የሠራው ሃንስ ራምበርግ ነበር። ሞዴሉ ሲሽከረከር ክብደቱ ብዙ እጥፍ ይጨምራል፤ በዚህም ትንሿ ሞዴል እንደ ትልቁ ምድር በራሷ ክብደት ልትፈስና ልትሰነጠቅ ትችላለች። ኮርቲ ከላይኛው ንጣፍ ሥር ደካማ ቀጠና በሰያፍ አስቀመጠ። ቀጠናው ከስምጥ ሸለቆው በፊት የነበረውን ጥንታዊ የድክመት መስመር ይወክላል። ከዚያ ሞዴሉን በአንድ አቅጣጫ ብቻ፣ ምንም ሳይቀይር፣ ለጠጠው።

መጀመሪያ በደካማው ቀጠና ጠርዝ ትላልቆቹ የዳር ስንጥቆች ተከፈቱ። መለጠጡ ሲቀጥል እነሱ ሥራቸውን ቀነሱና ወለሉ ላይ በሌላ አቅጣጫ የተደረደሩ ትንንሽ ስንጥቆች ተወለዱ። ሁለቱም ቤተሰቦች በትክክለኛ ቅደም ተከተላቸውና በትክክለኛ አቅጣጫቸው ከአንድ ያልተለወጠ መለጠጥ ወጡ። ውጤቱ በ2008 ኔቸር ጂኦሳይንስ መጽሔት ላይ ታተመ። ማኬንዚ የግድ አለ ያለውን ዋሻ የቲንዳል ቱቦ እንዳስቀረው፣ የአቅጣጫ ለውጡም የግድ እንዳልሆነ ይህ ሞዴል አሳየ።

ለላፍቶ ሰው ይህ ሙከራ ሩቅ አይደለም። አዲስ አበባ የተቀመጠችው በስምጥ ሸለቆው ምዕራባዊ ጠርዝ ላይ ነው። ወደ አንኮበር ወይም ወደ ጉራጌ ቢኬድ ጠርዙ ገደል ነው፤ እዚህ ግን መሬቱ ከፉሪ ወደ አቃቂና ወደ ቢሾፍቱ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ከየረር ተነሥቶ ወደ ምዕራብ እስከ ቱሉ ወለል የሚዘልቅ የገሞራዎች መስመር ጠርዙን አቋርጦ ስለሚያልፍ ነው። ፉሪና ወጨጫም በዚሁ መስመር ላይ ተደርድረዋል። ከለቡ ጣቢያ ባቡር የተሳፈረ መንገደኛ አሮጌውን ጠርዝ ሳያስተውለው ወርዶ፣ ከአዳማ በኋላ ወጣቶቹን የወንጂ ስንጥቆች አልፎ፣ መተሐራ ሲደርስ ከፈንታሌ ግርጌ ይገኛል። ኮርቲ በሞዴሉ ላይ በሰዓታት ያየውን ቅደም ተከተል መንገደኛው በመስኮት ያየዋል።

አንድ ነገር ግን ልቤን ይነካኛል። የእኛ ስምጥ ሸለቆ በልኩ አንሶ የተሠራው ፍሎረንስ ውስጥ ነው። ጣሊያናውያኑ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ባልደረቦች ጋር በመስክ ሠርተዋል፤ ይህ መልካም ነው። የማሽከርከሪያው መሣሪያ ውድ መሆኑም እውነት ነው። የኤልደር መስታወት ግን ውድ አይደለም። ሁለት መስታወት፣ በመካከላቸው ጥቂት ሚሊ ሜትር ክፍተት፣ ዳርና ታቹ በሲሊኮን የታሸገ፣ ግርጌው ላይ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ፣ ውሃው ውስጥ ጥቂት ቀለም። የአሸዋ ሳጥንም እንዲሁ ነው፤ በሁለት ቀለም የተደራረበ ደረቅ የተነፋ አሸዋና አንዱ ጎኑ የሚሳብ የእንጨት ሳጥን በቂ ናቸው። በላፍቶ ያሉ የቴክኒክ ኮሌጆች መስታወትም ብየዳም እንጨት ሥራም ያስተምራሉ። አንድ የላፍቶ ተማሪ ሳጥኑን ሲስብ የስምጥ ሸለቆው ወለል በገዛ እጁ ሲሰምጥ ቢያይ፣ በዚያ ወለል ላይ ጉድጓድ የሚቆፍረውን ሰው ሥራ ከመጽሐፍ ከሚያነበው በላይ ይረዳዋል። ይህ እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ።

ከ2013 እስከ 2025፦ ሰያፍ ጉድጓዶችና ፈንታሌ

አሉቶ ከሃያ ምናምን ዓመት በኋላ እንደገና ተቆፈረ። በጃፓንና በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቆፈሩት ዘጠነኛውና አሥረኛው ጉድጓዶች ቁልቁል ብቻ አልወረዱም፤ ወደ 2,000 ሜትር እስኪጠጉ ድረስ በሰያፍ ሄዱ። ቀጥ ብሎ የሚወርድ ጉድጓድ ቀጥ ብሎ ከቆመ ስንጥቅ ጎን ለጎን ወርዶ ሳያገኘው ሊቀር ይችላል፤ ሰያፉ ግን ይቆርጠዋል። በ2016 የጂኦተርማል ሀብት ልማት አዋጅ ቁጥር 981 ወጣ። ቱሉ ሞዬ ላይ በ2020 የኬንያው ኩባንያ ኬንጄን ቁፋሮ ጀመረ። ኬንያውያን እኛ በዘገየንበት ነገር አስተማሪዎቻችን ሆነዋል።

በዚሁ ዘመን አሉቶ ራሱ ግምትን የሚያፈርስ ነገር አሳየ። ሳተላይቶች ተራራው በ2004 እና በ2008 ሴንቲ ሜትሮች ያህል ወደ ላይ ማበጡን መዘገቡ። ከሥሩ ትልቅ የቅልጥ አለት ኩሬ ይኖራል ተብሎ ሲጠበቅ፣ በ2015 የታተመ የኤሌክትሮማግኔት ጥናት ቅርብ ጥልቀት ላይ እንዲህ ያለ ሰፊ ኩሬ አላገኘም። ክርክሩ ቀጠለ፣ መለኪያዎችም ተጨመሩ። የአሸዋና የሲሊኮን ሞዴሎች እዚህ ድረስ ያደረሱን ቢሆንም የማይችሉት ነገር አለ። ሙቅ ውሃ በሄደበት ስንጥቅ ማዕድን እየተወ ያልፋል፣ በመቶ ዓመታት ስንጥቁን ይደፍነዋል፣ መንቀጥቀጥ ደግሞ መልሶ ይከፍተዋል። ይህን መድፈንና መክፈት የሚደግም አሸዋ የለም፤ ለዚያ ኮምፒውተር ከሞዴሉ ጎን ተሰልፏል።

ለሚንቀሳቀስ ቅልጥ አለት ግን ሌላ የጠረጴዛ ሞዴል አለ። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ተመራማሪዎች ጄላቲን ውስጥ ቀለም ያለው ፈሳሽ በመርፌ እየሰደዱ ቅልጥ አለት ምድርን እንዴት ሰንጥቆ እንደሚሄድ ያያሉ። ፈሳሹ ስስ ሳንቃ ሆኖ፣ ጄላቲኑ በሚለጠጥበት አቅጣጫ ላይ ተሻግሮ፣ ከተነሣበት እየራቀ ይጓዛል። በ2005 አፋር ውስጥ በዳባሁ የሆነው ይኸው ነው፤ 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም፣ በአንዳንድ ቦታ ስምንት ሜትር ድረስ የሚሰፋ የቅልጥ አለት ሳንቃ ምድርን ሰንጥቆ ገባ።

ከ2024 መስከረም ጀምሮ ፈንታሌ አካባቢ ምድር ተናወጠች። መጠናቸው ከ5 ያለፉት መንቀጥቀጦች አዲስ አበባ ድረስ ተሰሙ። ሳተላይቶች ያዩት ከፈንታሌ ወደ ሰሜን ምሥራቅ፣ ወደ ዶፋን ገሞራ የሚዘልቅ ስንጥቅ ሲሰፋ ነው፤ ቅልጥ አለቱ ከገሞራው ወጥቶ በወንጂ ቀበቶ መስመር ከመሬት በታች ተጓዘ። ብዙ ሰው ፈንታሌ አናቱ ይፈነዳል ብሎ ሲጠብቅ፣ በ2025 ጥር መግቢያ ከመሬት ጭቃና እንፋሎት እያገሳ የወጣው ዶፋን አጠገብ ነበር። ቅልጥ አለቱ ያን ጊዜ ወደ ምድር ገጽ አልወጣም። በሺህ የሚቆጠሩ የአፋርና የከረዩ ቤተሰቦች ከቀያቸው ተነሡ፤ ባለሙያዎችም በአካባቢው መለኪያ ተክለው የስንጥቁን እርምጃ መከታተል ያዙ።